ሦስት ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተር፦ ለመጽሐፍ ሱቃችን የዴስክቶፕ መተግበሪያ ስንመርጥ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የአጎቴ ሱቅ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሀር ሲወርዱ ገባ ብላ የምትገኝ፣ አዲስና ያገለገሉ መጻሕፍት የምትሸጥ ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ ገዢው በእግሩ መጥቶ መደርደሪያውን እየዳበሰ ነበር የሚመርጠው። አሁን አብዛኛው ትእዛዝ በስልክ ይመጣል። የአገር ውስጡ በቴሌግራም፣ ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ መጽሐፍ የሚያስገዛው በዋትስአፕ፣ ቀሪው በፌስቡክ ገጻችንና በኢንስታግራም ይጽፍልናል። ለእነዚህ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ ተደርድሯል። አጎቴ መነጽሩን አስተካክሎ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት መምህርት ለትምህርት ቤታቸው 14 መጻሕፍት አዝዘው ነበር። ሦስት ቀን መልስ ጠብቀው ሲያጡ ከሌላ ቦታ ገዙ። መልእክታቸው አልጠፋም፤ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ነው። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ገንዘቡስ ይቅር። ሰው አክብሮ ጽፎልኝ ዝም ማለቴ ነው ያመመኝ» አለኝ።

ሥራውን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመደርደሪያው ሥር ሸራ ለብሶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር አውጥቼ የሦስቱን ስልክ ሥራ ወደ አንድ ስክሪንና ወደ አንድ ኪቦርድ ማምጣት አለብኝ። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ)፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 ያለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው የደህንነት ቺፕ ደግሞ እዚህ ማሽን ላይ የለም። ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ። አሁን የምፈልገው በዚህ አቅም ሳይንገዳገድ የሚሠራ፣ መልእክት የማይቀብርና አጎቴ በሙሉ አማርኛ መልስ የሚጽፍበት መተግበሪያ ነው።

ዛሬ አቧራውን አራገፍኩ፣ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን አጠፋሁ። ምንም ሳይከፈት ዊንዶውስ ራሱ የራሙን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጣል። ለመተግበሪያዎቹ የሚቀርላቸው 2 ጊጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

በቴሌግራም ጀመርኩ፤ ከትእዛዞቻችን የሚበዛው በእሱ ነውና።

የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የድረ ገጽ ልብስ የለበሰ አይደለም። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ለኮምፒውተር ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ልዩነቱም በዚህ ማሽን ላይ ወዲያው ይታያል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል ራም እንደሚወስድ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ጎን ለጎን ተመለከትኩ። ቻናሉን፣ ቡድኑንና የደንበኞችን መልእክት ሁሉ ይዞም ክሮም ሁለት ገጽ ሲከፍት ከሚወስደው በታች ነው የወሰደው። መልእክቶቹ የሚቀመጡት በቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ ገና እንደገባሁ የቆየው የደንበኞች ጽሑፍ ሁሉ መጣ። ስልኩ ቢጠፋም ባትሪው ቢያልቅም ኮምፒውተሩ ላይ ሥራው አይቆምም።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ጊዜ የሚያወርድበትን ቦታ ነው። ቅንብሩ ለግል መልእክት፣ ለቡድንና ለቻናል ለየብቻ ነው። ለቡድንና ለቻናል ዘጋሁት፤ ለግል መልእክት ፎቶ ብቻ ፈቀድኩ። ደንበኛ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ሲልክ ወዲያው መታየት አለበት። የሌላ ሰው ቪዲዮ ግን የእኛን የዳታ ጥቅል የሚበላበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ማኅደሮችን ሠራሁ፦ «አዲስ ትእዛዝ»፣ «ክፍያ የሚጠበቅ»፣ «የተላከ»። ያልተመለሰ መልእክት በማኅደሩ ራስ ላይ በቁጥር ይታያል። የመምህርቷን መልእክት የቀበረው በ40 የቻናል ማሳወቂያ መካከል መቀመጡ ነበር። አሁን ቻናሎቹ ሌላ ማኅደር ውስጥ ናቸው፤ ሰው ብቻውን፣ ፊት ለፊት ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአጎቴ ብዬ ለወጥኩ። ማስገቢያውን (ኢንተር) ቁልፍ ሲመታ መልእክቱ ሳያልቅ ይሄድበት ነበር። ቴሌግራም ላይ መላኪያውን ወደ ኮንትሮልና ማስገቢያ ጥምረት መቀየር ይቻላል። አሁን አጎቴ አንቀጽ ከፍሎ እንደ ደብዳቤ ይጽፋል።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። አጎቴ ለአንድ ደንበኛ ረዘም ያለ መልስ እየጻፈ ነበር፤ «ሄደ በቃ!» አለ። ስልኩን አነሳሁና ቴሌግራሙን ከፈትኩ። ግማሽ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር፣ ያቋረጠበት ቃል ላይ እንደቆመ፣ እዚያው ነበር። ረቂቁ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይጠፋ የቴሌግራም ሂሳቡን ተከትሎ ይሄዳል። ከስልኩ ጨርሶ ላከው። ለእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱንም ልጻፈው፤ ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለው፣ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መሣሪያ ላይ ብቻ የሚቀመጠው፣ በዊንዶውሱ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ የለም። ለመጽሐፍ ሽያጭ አያስፈልገንም፤ ለሌላ ጉዳይ የሚፈልግ ሰው ግን ማወቅ አለበት። ኮምፒውተሩ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ሱቅ ውስጥ ስለሆነ የመተግበሪያ መቆለፊያ ኮድና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሬ አስገባሁ። ኮንትሮልና ኤል ሲመታ መስኮቱ ይቆለፋል። በሱቁ የሚሠራው ወጣት ለምሳ ሲወጣ ይህን ሳያደርግ እንዳይነሳ ተስማምተናል።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዋትስአፕ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኮድ በስልኩ ካሜራ አንስቶ ስልኩ ላይ ካለው ሂሳብ ጋር ማገናኘት ነው። እስከ አራት ተጨማሪ መሣሪያ ይቀበላል። ስልኩ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ከ14 ቀን በላይ ሳይከፈት ከቆየ ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መርሳት አይቻልም ማለት ነው።

ለዊንዶውስ የሚሰጠው መተግበሪያ ታሪኩ ወዲያ ወዲህ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የተሠራ ነበር፤ በ2022 ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ቀለል ያለ ተተካ፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ ተመልሶ ድረ ገጹን በራሱ መስኮት ውስጥ የሚከፍት ሆነ። ነገሩ ድረ ገጽ ከሆነ አስቀድሞ በተከፈተው የኢንተርኔት ማሰሻ በኩል ብንጠቀመውስ? ማይክሮሶፍት ኤጅ አንድን ድረ ገጽ እንደ መተግበሪያ የሚጭንበት መንገድ አለው። የራሱ አዶ፣ የራሱ መስኮትና የራሱ ማሳወቂያ ይኖረዋል፤ ከበስተጀርባ ግን ያው ኤጅ ነው። ሞከርኩት፣ ሠራ። ለጊዜው በዚህ ይቆይ።

ሊኑክስ ጭኜ ማሽኑን ላቀልለው አስቤ ነበር። ዋትስአፕ ለሊኑክስ ራሱ ያወጣው መተግበሪያ የለም፤ በማሰሻ መንገድ ከሄድን ግን ይህ እንቅፋት አይሆንም። ለወደፊቱ ይህን ልያዘው።

ሜሴንጀርን በአጭሩ፦ ሜታ ለዊንዶውስና ለማክ የነበረውን የሜሴንጀር ዴስክቶፕ መተግበሪያ ባለፈው ታኅሣሥ 6 ቀን ዘግቶታል። አሁንም «አውርዱ» የሚሉ ገጾች ስለሚገኙ እንዳትደክሙ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ዛሬ ሁሉንም በአንድ መስኮት የሚሰበስቡትን ያዝኩ። ፍራንዝ፣ ከእሱ የተወለደው ፈርዲ፣ ከፈርዲ የተወለደው ፌርዲየም፣ በሌላ በኩል ራምቦክስ። አሳባቸው ደስ ይላል። በግራ በኩል አዶዎቹ ተደርድረዋል፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ አንዱን ጫን ስትል ወደዚያ ትሻገራለህ። አጎቴ ሲያየው «ይኸው! ይህን ነበር የምፈልገው» አለ። እኔም በልቤ ሥራው አለቀ ብዬ ነበር።

ነገር ግን እያንዳንዱ አዶ ከኋላው አንድ ሙሉ ድረ ገጽ ነው፤ የክሮም አንጀት ያለው ኤሌክትሮን በሚባል መሠረት ላይ ይቆማሉ። አራት አገልግሎት ከጨመሩ አራት ከባድ ገጽ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይኖራል። 8 ወይም 16 ጊጋባይት ላለው ሰው አይታወቀውም። በእኛ ማሽን ግን ሦስተኛውን ስጨምር የሃርድ ዲስኩ መብራት ሳይጠፋ ቀረ፤ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ወደ ዲስክ እያመላለሰ ነው። አንድ ፊደል መትቶ እስኪታይ መጠበቅ ተጀመረ።

መፍትሔ አለው፤ ለተወሰነ ጊዜ ያልተነካውን አገልግሎት የሚያስተኛ ቅንብር አለ። በአምስት ደቂቃ አደረግሁት። ማሽኑ እፎይ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ማስተኛውን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። የተኛ አገልግሎት መልእክት ሲመጣ አይሰማም፤ ገጹ ራሱ ተዘግቷልና። ቅዳሜ ከሳምንቱ ሁሉ ገበያ የሚበዛበት ቀን ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አዶውን ስጫነው ሰባት የዋትስአፕ መልእክት በአንድ ጊዜ ገባ። የመጀመሪያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነበር። አንደኛው ሰው ለእናታቸው የጥምቀት ስጦታ በዕለቱ እንዲደርስላቸው ይጠይቃሉ።

አጎቴ አልተቆጣኝም። ሞተረኛ ጠርቶ መጽሐፉን አሽጎ ላከ፤ የማድረሻውን ሒሳብ ራሱ ከፈለ። እኔ ግን ሰብሳቢ መተግበሪያውን ማታውኑ አነሳሁት። ራም ለሌለው ማሽን ወይ ይከብዳል ወይ ይተኛል፤ ሁለቱም የመጣንበትን ችግር ነው መልሰው የሚያመጡት።

ከተራና ጥምቀት ሱቁ ዝግ ነው። ረቡዕ እንገናኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ዛሬ መተግበሪያ አልነካሁም፤ ቀኑ በሙሉ በፊደል አለቀ። ከሁሉም በላይ ልጽፍበት የምፈልገውም ይህ ነው።

አጎቴ ከ20 ዓመት በፊት ያስጻፈው ከ600 በላይ ርእሶች የያዘ የመጻሕፍት ዝርዝር በፋይል አለን። ዝርዝሩን ቆርጬ ቴሌግራም ላይ ብለጥፈው ደንበኛ ሲጠይቅ ፈልጎ መመለስ ይቀላል ብዬ ነበር። ለጠፍኩት። የወጣው በላቲን ፊደል፣ በነጠብጣብና በቅንፍ የተሞላ፣ ምንም የማይነበብ ነገር ነው። አጎቴ ስክሪኑን እያየ «መጽሐፎቼ የት ሄዱ?» አለ።

መጽሐፎቹ የትም አልሄዱም። ያ ዝርዝር የተጻፈበት የድሮ ሶፍትዌር የአማርኛውን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሠራው። ያ ፎንት ባለበት ማሽን አማርኛ ይመስላል፤ ከሌለ ግን ልብሱ ይወልቅና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት፣ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ «ለ» የትም ቢሄድ «ለ» ነው፤ ስልክ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ ዋትስአፕ ላይም። ከዚያ ውጭ የተጻፈ ግን ከአንድ ማሽን መውጣት አይችልም። ስንት የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ ስንት የሰው ድካም በዚህ መልክ ታስሮ እንደቀረ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ዝርዝሩን በድሮው ፎንት አትመን በእጃችን እንደገና ለመጻፍ ወሰንን። የሚቀይር ፕሮግራም ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን እግረ መንገዳችንን መጽሐፉ አሁንም መደርደሪያ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ስላለብን በእጅ ይሻላል አልን።

ለመጻፊያ ሁለት ነገር አወዳደርኩ። አንዱ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ ነው፤ ሌላው ኪማን የተባለው በነጻ የሚገኝ መጻፊያ። ሁለቱም ድምፁን በላቲን ቁልፍ ሲመቱት ግዕዙን ያወጣሉ፤ መጀመሪያ ሳድሱ ይታያል፣ አናባቢው ሲከተል ይለወጣል። «ስ» ትላለህ፣ ከዚያ «ሰ» ወይም «ሳ» ትሆናለች። አጎቴ በወጣትነቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ይሠራ ነበር። ፊደሉን መትቶ ምልክቱን ማስከተል ለጣቱ አዲስ አልሆነበትም። ኪማንን መረጠ፤ እኔ ስልክ ላይ የምጽፍበትም እሱ ስለሆነ ሲቸግረው ልረዳው እችላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከሞከርኳቸው ሰብሳቢዎች በአንዱ ውስጥ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ሳይዋሃድ እየቀረ «ስኣላም» የሚመስል ነገር ይጽፍብኝ እንደነበርም እዚህ ላስፍረው። በቴሌግራሙ መስኮትና በኤጅ ውስጥ ይህ አልገጠመኝም። መተግበሪያ የምታወዳድሩ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሙሉ አንቀጽ አማርኛ ጻፉበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ከዚያ ፍለጋ መጣ። ቻናላችን ላይ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍትን ለማግኘት «ስነ ፅሁፍ» ብዬ ጻፍኩ። አንድም አልመጣም። «ሥነ ጽሑፍ» ብዬ ስጽፍ መጡ። ለጆሯችን «ሥ»ና «ስ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ወረቀት አንስቼ ቆጠርኩ። «ሥ» ወይም «ስ»፣ «ጽ» ወይም «ፅ»፣ «ሑ» ወይም «ሁ» ወይም «ኁ»፤ አንዱ ቃል በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ደንበኛ ከ12ቱ አንዱን ብቻ ነው የሚጽፍ። ካልገጠመለት መጽሐፉ የለንም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ግን ከአጎቴ ትከሻ ጀርባ ተቀምጧል።

ለዚህ ያገኘነው መፍትሔ ደንበኛው እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ዘርፍ አንድ የተወሰነ መለያ ሠራን፤ ቃላቱን በሰረዝ አያይዘን፣ ፊት ለፊቱ የመለያ ምልክት ሰጠነው፦ #ሥነ_ጽሑፍ፣ #ታሪክ፣ #የልጆች፣ #መዝገበ_ቃላት። ከዚያ መለያዎቹን ሁሉ በአንድ መልእክት ጽፈን ከቻናሉ ራስ ላይ ሰካነው። ደንበኛው የሚፈልገውን መለያ ይጫናል፤ በዚያ ሥር ያሉት ሁሉ ይመጡለታል። የፊደል ምርጫው በእኛ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ነው። የተሸጠውን መጽሐፍ እንደ ድሮው አናጠፋም፤ ጽሑፉን አርመን «ተሽጧል» እንልበታለን፤ እንደገና ሲገባ እናነሳዋለን።

ዓርብ፣ ጥር 15

የፌስቡክ ገጹንና ኢንስታግራሙን ዛሬ ጨረስኩ። ሜታ ለገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው ቢዝነስ ስዊት በማሰሻ ይከፈታል፤ የገጹንና የኢንስታግራሙን መልእክት በአንድ ሳጥን ይሰበስባል፣ ልጥፍም በቀጠሮ ያወጣል። እሱንም እንደ ዋትስአፑ በኤጅ ውስጥ እንደ መተግበሪያ ጫንኩት። ሁለቱ በአንድ ማሰሻ ላይ ስለቆሙ ለየብቻ ከሚጫኑት የቀለለ ሆነ። ኤጅ የማይነኩ ገጾችን የሚያስተኛበት ልማድ አለው፤ ከቅዳሜው ትምህርት ወስጄ ሁለቱን «ፈጽሞ አይተኙ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገባኋቸው።

ቴሌግራም ላይም ቀጠሮ አለ፤ የመላኪያውን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ይወጣል። አጎቴ አሁን ማታ ሻይ እየጠጣ የነገውን ሦስት መጻሕፍት ጽፎ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ይቀጥራል።

ትዊተርን፣ ዛሬ ኤክስ የሚባለውን፣ አንጠቀምበትም። ግን አንድ ነገር ከእሱ ታሪክ ተማርኩ። ትዊትዴክ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ የኮምፒውተር መተግበሪያ ነበር፤ ብዙ ዓምድ በአንድ ስክሪን የሚያሳይ። ትዊተር በ2011 ገዛው፣ የዊንዶውሱን በ2016 አቆመው፣ የማኩን በ2022 ዘጋው፣ ቀሪውን በ2023 ክፍያ ለሚከፍሉ ብቻ አደረገው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሌሎች ሰዎች ለትዊተር የሠሯቸው መተግበሪያዎችም በአንድ ሌሊት ተዘጉ። የሥራችሁን ሁሉ መዝገብ ለአንድ መተግበሪያ አደራ መስጠት አደገኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የማስወጫ ቅንብር ተጠቅሜ የቻናሉን ጽሑፍና ፎቶ በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በየወሩ መጨረሻ ይደገማል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አሁን የቆምንበት እንዲህ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ሦስት አዶ ተሰክቷል፦ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ የገጹ ሳጥን። የዊንዶውስን ቁልፍ ከ1፣ ከ2 ወይም ከ3 ጋር ሲመቱት ወደየራሳቸው ይወስዳል። አጎቴ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፏል። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ማሽኑ ፈጣን አይደለም፣ ግን አይቆምም። ስልኮቹ መሳቢያ ውስጥ ገብተዋል፤ ሰኞ ሰኞ ይከፈታሉ።

ካለፈው ዓርብ ወዲህ ሳይመለስ ያደረ መልእክት የለም። እኔን ከዚህ በላይ ያስደሰተኝ ግን መልሶቹ ናቸው። ስልክ ላይ አጎቴ «አለ»፣ «የለም»፣ «300» ብሎ ነበር የሚመልሰው፤ ጣቱ አይችልማ። ትናንት ማታ ለአንድ ደንበኛ የጻፈውን አነበብኩ። ሰላምታ አለው፣ የመጽሐፉ ጀርባ ትንሽ መላጡን፣ ሁለት ገጽ ላይ የእርሳስ ምልክት መኖሩን፣ ስለዚህም ዋጋው መቀነሱን ይናገራል፤ በአራት ነጥብ ይዘጋል። ሰውየው በአካል ሱቁ ገብቶ ቢሆን አጎቴ የሚነግረው ይህንኑ ነበር።

ለመምህርቷም ጽፎላቸዋል። ይቅርታ ጠይቆ፣ ለትምህርት ቤታቸው የሚሆኑ የልጆች መጻሕፍት ሲገቡ አስቀድሞ እንደሚያሳውቃቸው ነግሯቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጠብቃለሁ» ብለዋል።

የዝርዝሩ ጽሑፍ ቀጥሏል። እሱ ከወረቀቱ ያነብባል፣ ወጣቱ መደርደሪያው ላይ መኖሩን ያያል፣ እኔ እመታለሁ። «ሀ» እና «ለ» አልቀዋል። ነገ «ሐ»ን እንጀምራለን፤ አጎቴ ከ«ሀ» ጋር እንዳልቀላቅላት ከወዲሁ አስጠንቅቆኛል።